ወደ ጌም ፎርማት የቀየርኩት ሙዚቃ በስታቲክ ጩኸት ተውጦ ይወጣል

ዜማ ጸሐፊ | የመክፈቻ መልእክት

ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለኒንቴንዶ ዊ የሚሆን አነስተኛ ጌም በትርፍ ጊዜያችን እየሠራን ሲሆን የእኔ ድርሻ ሙዚቃው ነው። ዜማዎቹን በኮምፒውተር አቀናብሬ በዌቭ ፋይል ካወጣኋቸው በኋላ፣ ከጓደኞቼ አንዱ በጻፈልን መቀየሪያ አማካይነት ወደ ቢአርኤስቲኤም (የዊ ጌሞች ሙዚቃ የሚቀመጥበት) ፎርማት እለውጣቸዋለሁ። ዌቩ በየትኛውም ማጫወቻ ሲከፈት ጥርት ብሎ ይሰማል። የተቀየረው ፋይል ግን ከመጀመሪያው ቅጽበት እስከ መጨረሻው ድረስ ጣቢያ የሳተ ሬዲዮ የሚያወጣውን ዓይነት ጩኸት ያሰማል፤ ጩኸቱም ከሙዚቃው በእጅጉ ስለሚበልጥ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ የከፈትኩት ዕለት ደንግጬ ነው ያወለቅሁት።

ሁለት ቀን ሙሉ መላ ስፈልግ ቆይቻለሁ። የሙዚቃውን ድምፅ ቀንሼ እንደገና ቀየርኩት፤ ጩኸቱ አልቀነሰም። በሌላ ኮምፒውተር ሞከርኩ፤ ያው ነው። ዌቩንም ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ አወጣሁት። በመጨረሻ ጩኸቱን በድምፅ ማጽጃ ማጣሪያ ላስወግደው ብሞክር፣ የተረፈው ነገር ሙዚቃ ሊባል የሚችል አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ትኩረቴን ስቦታል፤ ልብ ብዬ ሳዳምጥ ከጩኸቱ ሥር ዜማው ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማኛል፤ ነገር ግን የተንቀረፈፈና የወፈረ ነው። መንስኤውን የምታውቁ ብትረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ባይት ቆጣሪ | መልስ 1

ሰላም ዜማ ጸሐፊ። ከሁሉ አስቀድሞ፣ መንስኤው እስኪታወቅ ድረስ የጆሮ ማዳመጫውን ይተዉትና ድምፁን ዝቅ አድርገው በስፒከር ይሞክሩ። በስህተት የተነበበ ፋይል የሚያወጣው ጩኸት ፎርማቱ ከሚፈቅደው የመጨረሻ ከፍታ ላይ ስለሚደርስ በእርግጥ ጆሮ ይጎዳል።

ማጣሪያውንም ይተዉት። የድምፅ ማጽጃ የሚጠቅመው ሙዚቃው በትክክል ኖሮ ሌላ ድምፅ ሲደረብበት ነው። የእርስዎ ጩኸት የተደረበ አይመስለኝም፤ ራሱ ሙዚቃው በተሳሳተ መንገድ ተነቦ ጩኸት የሆነ ይመስለኛል። የሙዚቃውን ድምፅ ሲቀንሱ ጩኸቱ አለመቀነሱም ወደዚሁ ያመለክታል።

ስለዚህ ሌላ ቅንብር ከመቀያየርዎ በፊት ጥቂት ነገሮችን ለክተው ይንገሩን። የዋናው ዌቭና የተቀየረው ፋይል የጊዜ ርዝመት ስንት ስንት ነው? ዌቩ በባይት ሲቆጠር ልክ ስንት ነው? በሜጋባይት የተጠጋጋው ሳይሆን እስከ መጨረሻው አኃዝ ያለው ቁጥር ነው የሚያስፈልገው። ሲያወጡት ስንት ቢትና ስንት ኸርዝ መርጠው ነበር? እርስዎ ሙዚቀኛ ስለሆኑም አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ፤ ከጩኸቱ ሥር የሚሰማዎት ዜማ ከዋናው ምን ያህል ወርዷል?

ሞገድ | መልስ 2

እኔ ደግሞ የባይት ቅደም ተከተል ነው ብዬ እገምታለሁ። ዌቭ ፋይል እያንዳንዱን ባለ 16 ቢት ናሙና (የድምፁን የአንድ ቅጽበት ልክ የሚይዝ ቁጥር) ታናሹን ባይት አስቀድሞ ያስቀምጣል፤ የዊ ፕሮሰሰር ግን ታላቁን ባይት ያስቀድማል። መቀየሪያው ይህን ሳያገላብጥ ካለፈ በጣም ትንሹ የድምፅ ለውጥ ትልቁን ቦታ ይይዝና ልክ እርስዎ የገለጹት ዓይነት ጩኸት ይፈጠራል። ኤአይኤፍኤፍ በሚባሉት የድምፅ ፋይሎች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ እነርሱም ታላቁን ባይት የሚያስቀድሙ ናቸውና። ጓደኛዎ ኮዱን በዚህ በኩል ቢመለከትልዎ መልካም ነው።

ዜማ ጸሐፊ | መልስ 3

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የለካሁት እንዲህ ነው። ዋናው ዌቭ ልክ 2 ደቂቃ ሲሆን የተቀየረው 3 ደቂቃ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ እስካሁን ይህን ልብ አለማለቴ ይቆጨኛል። ዌቩ 34,560,068 ባይት ነው። ያወጣሁት በ24 ቢት፣ በ48,000 ኸርዝ፣ በስቴሪዮ ነው፤ የተሻለ ጥራት ይኖረዋል ብዬ ነበር 24 የመረጥኩት። መቀየሪያው መጨረሻ ላይ ወደ 32,000 ኸርዝ ያወርደዋል።

ስለ ዜማው ከፍታ ከኪቦርዴ ጋር አስተያይቼዋለሁ። ዶ ሊሰማ በሚገባው ቦታ ከእርሱ በታች ያለው ፋ ነው የሚሰማው፤ በሁሉም ኖታ ላይ እንደዚሁ ነው። አንድ የማይገባኝ ነገርም አለ። በዋናው ቅንብር ጊታሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ስፒከር ወስጄዋለሁ፤ ከጩኸቱ ሥር በሚሰማው ዜማ ውስጥ ግን ጊታሩ የለም።

ባይት ቆጣሪ | መልስ 4

በጣም ጥሩ አድርገው ለክተዋል፤ በተለይ የጊታሩ ነገር ጉዳዩን ይዘጋዋል።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። 48,000 ናሙና በሁለት ቻናል፣ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ሲሆን፣ በሰከንድ 288,000 ባይት ይሆናል። ለ120 ሰከንድ 34,560,000 ባይት ማለት ነው፤ የቀሩት 68 ባይቶች የፋይሉ ራስጌ፣ ማለትም ስለ ድምፁ መረጃ የያዘው መግቢያው፣ ናቸው። አሁን ይህንኑ ፋይል ባለ 16 ቢት ነው ብሎ የሚያስብ ፕሮግራም ሲያነበው በሰከንድ 192,000 ባይት ብቻ ይበላል፤ 34,560,000ን ለ192,000 ሲያካፍሉት 180 ሰከንድ ይሆናል። የእርስዎ 3 ደቂቃ ይኸው ነው። መቀየሪያው ባለ 24 ቢቱን ፋይል እንደ ባለ 16 ቢት እያነበበው ነው።

ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ወደ ባይቶቹ እንጠጋ። ባለ 24 ቢት ናሙና ሦስት ባይት አለው፤ ታናሽ፣ መካከለኛና ታላቅ በዚህ ቅደም ተከተል ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የግራው ሦስት ባይት፣ ቀጥሎ የቀኙ ሦስት ባይት ይመጣል፤ በድምሩ ስድስት። ሁለት ሁለቱን እየቆረጠ የሚያነብ ፕሮግራም ከእነዚህ ስድስት ባይቶች ሦስት ናሙና ያወጣል። የመጀመሪያው የግራው ታናሽና መካከለኛ ሲሆን ታላቁን ባይት ስላጣ ትርጉም የለውም። ሁለተኛው የግራው ታላቅ ከቀኙ ታናሽ ጋር የተጣመረበት ነው፤ ታናሹ የታላቁን ቦታ ስለያዘ ፍጹም የዘፈቀደ ቁጥር ይሆናል። ሦስተኛው ግን የቀኙ መካከለኛና ታላቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ባለ 16 ቢት ሆኖ በትክክል የተነበበ የቀኝ ቻናል ናሙና ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ሁለቱ ጩኸት፣ አንዱ እውነተኛ ሙዚቃ ይሆናል፤ እውነተኛውም ሁልጊዜ ከቀኝ ቻናል የሚመጣ ነው። በግራ ብቻ የነበረው ጊታርዎ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

የዜማው መውረድም ከዚሁ ይመነጫል። 2 ደቂቃው ወደ 3 ደቂቃ ስለተሳበ ሙዚቃው በሁለት ሦስተኛ ፍጥነት ይጫወታል፤ የሁለት ሦስተኛ የድምፅ ድግግሞሽ ደግሞ በሙዚቃ ከዶ ወደ ታችኛው ፋ መውረድ ማለት ነው። ጆሮዎ ያገኘውና ስሌቱ የሚሰጠው አንድ ናቸው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለጊዜው ዌቩን በ16 ቢት ያውጡት። ለዘለቄታው ግን መቀየሪያው ራስጌውን በትክክል እንዲያነብ መደረግ አለበት። ራስጌው ሁልጊዜ 44 ባይት ነው ብሎ ያንን ያህል ዘልሎ የሚጀምር ኮድ ይመስለኛል፤ የእርስዎ ፋይል ግን 68 ባይት አለው፣ ምክንያቱም ባለ 24 ቢት ዌቭ ብዙ ጊዜ የተራዘመውን የራስጌ ዓይነት ይጠቀማል። ድምፁ የሚጀምርበትን ቦታ ቆጥሮ መገመት አያስፈልግም፤ በፋይሉ ውስጥ ዳታ የሚለውን ክፍል ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

ሞገድ | መልስ 5

ግምቴ ትክክል አልነበረም፤ ባይት ቆጣሪ እንዳሉት ነው። የባይት መገላበጥ ቢሆን ኖሮ የፋይሉ ርዝመትም የዜማው ከፍታም ባልተለወጠ ነበር፤ ጊታሩም በግራ በኩል እንደነበረ ይቆይ ነበር። ሁለቱ ጩኸቶች ለጆሮ በጣም ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው ርዝመቱ ነው።

ሌሎች ተመሳሳይ ችግር ሲገጥማቸው የሚያረጋግጡበትን መንገድ ልጨምር። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ፋይልን ራስጌውን ሳያዩ እንደ ጥሬ ዳታ የማስገባት አማራጭ አለ። እዚያ የቢቱን መጠን፣ የባይቱን ቅደም ተከተል፣ የቻናሉን ብዛትና የሚዘለሉትን ባይቶች ራስዎ ይመርጣሉ። ትክክለኛው ጥምረት ላይ ሲደርሱ የሞገዱ ሥዕል ጥቅጥቅ ካለ ግድግዳ ወደ ሚያምር ቅርጽ ይለወጣል፤ ሳያዳምጡ እንኳ በዓይን ይታወቃል። ባለ 8 ቢት ፋይል ላይ ሲደርሱ ደግሞ ያስታውሱ፤ በዌቭ ውስጥ 8 ቢት የሚጻፈው ያለ አሉታዊ ምልክት ነው፣ ጸጥታው 0 ሳይሆን 128 ነው።

ዜማ ጸሐፊ | መልስ 6

በ16 ቢት አውጥቼ ቀየርኩት፤ ጩኸቱ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ከሁለት ቀን በኋላ የራሴን ዜማ ስሰማ የተሰማኝን ደስታ ልገልጸው አልችልም።

ይሁን እንጂ ከጩኸቱ በስተጀርባ ተሸፍነው የነበሩ ሁለት ነገሮች አሁን ወጥተዋል። የመጀመሪያው፣ ከበሮው ጠንከር ብሎ ሲመታ ብቻ የሚንጣጣ ድምፅ አለ፤ በለሰለሱት ክፍሎች የለም። ሁለተኛው፣ ሙዚቃው ወደ ሉፑ (እየተመለሰ ወደሚደገመው ክፍል) መነሻ በሚመለስበት ቅጽበት ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። የሉፑ መነሻ 400,000ኛው ናሙና፣ መጨረሻው 3,472,000ኛው ናሙና ላይ ነው፤ በ32,000 ኸርዝ 12.5 ሰከንድ ላይ ጀምሮ 96 ሰከንድ የሚቆይ ማለት ነው። ዋናው ዌቭ ከፍተኛው ጫፉ ከጣሪያው 0.1 ዴሲቤል ብቻ ዝቅ ያለ ነው።

የሌሊት ኮድ | መልስ 7

የከበሮውን ነገር እኔ ልመልስ፤ ተመሳሳይ መቀየሪያ ጽፌ ስለማውቅ ሥሩ የት እንዳለ ይገባኛል።

ባለ 16 ቢት ናሙና ከ32,767 በላይ መውጣት አይችልም። ከ48,000 ወደ 32,000 ኸርዝ ሲወርድ ማጣሪያው የሞገዱን ቅርጽ በጥቂቱ ስለሚለውጠው ጫፎቹ ከነበሩበት ከፍ ሊሉ ይችላሉ፤ ጫፉ ከጣሪያው በ0.1 ዴሲቤል ብቻ ለሚያንስ ሙዚቃ ይህ በቂ ነው። አንድ የከበሮ ምት 33,000 ላይ ቢደርስና ኮዱ ቁጥሩን ሳይፈትሽ ወደ 16 ቢት ቢያስገባው፣ ቁጥሩ ዙሪያውን ዞሮ በሌላኛው ጫፍ ብቅ ይላል፤ ከ33,000 ላይ 65,536 ሲቀነስ አሉታዊ 32,536 ይሆናል። ሞገዱ ከጣሪያው ላይ በአንድ ናሙና ወደ ወለሉ ይወድቃል፣ በሚቀጥለው ይመለሳል። የሚንጣጣው ይህ ነው።

በዓይንዎ ለማየት የተቀየረውን ፋይል መልሰው ወደ ዌቭ ይፍቱት፤ ቪጂኤምስትሪም የተባለው ፕሮግራም የጌም ፎርማቶችን ለመፍታት በጣም የታመነ ነው። ከዚያ አንዱን የከበሮ ምት ናሙናዎቹ እንደ ነጠብጣብ እስኪታዩ ድረስ አጉልተው ይመልከቱት። ተራ ክሊፒንግ (ከጣሪያው ያለፈው ድምፅ መቆረጥ) ከሆነ ጫፉ በቢላዋ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። የቁጥር መዞር ከሆነ ግን ከላይ ወደ ታች የወረደ ቀጥ ያለ መስመር ያያሉ፤ ለጆሮም ከተራው ክሊፒንግ እጅግ የከፋ ነው።

በኮዱ በኩል ከጣሪያው በላይ የሆነውን ቁጥር ጣሪያው ላይ፣ ከወለሉ በታች የሆነውን ወለሉ ላይ የሚያቆሙ ሁለት መስመሮች ይበቃሉ። በሙዚቃው በኩል ደግሞ ከመቀየርዎ በፊት ድምፁን በ3 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉት። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ የመጀመሪያው ብቻ ሲደረግ መንጣጣቱ ቢጠፋም ጫፉ ይቆረጣል።

ናሙና 44 | መልስ 8

ከመቀየሩ በፊት ሁሉንም ዜማ ወደ 0 ዴሲቤል ከፍ አድርጎ ማስተካከል አይሻልም? እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው፤ የዜማዎቹ ድምፅ እኩል እንዲሆን ይረዳል።

የሌሊት ኮድ | መልስ 9

ለዚህ ሥራ አልመክርም። 0 ዴሲቤል ማለት ጣሪያውን መንካት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ እርምጃ፣ የናሙና ፍጥነቱ መቀየርም ሆነ አዲፒሲኤም የሚባለው የድምፅ መጭመቂያ ዘዴ፣ ጫፉን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ዜማዎቹን እኩል ማድረግ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም ከጣሪያው ዝቅ ባለ አንድ ደረጃ ላይ እኩል ያድርጓቸው። ጫፍን እኩል ማድረግ ለጆሮ የሚሰማውን ከፍታ እኩል አያደርግም፤ አንድ የከበሮ ምት ያለበት ለስላሳ ዜማና ከዳር እስከ ዳር የሚጮህ ዜማ ጫፋቸው አንድ ቢሆንም ጆሮ ላይ እኩል አይደሉም።

አዲስ ገቢ | መልስ 10

ይቅርታ፣ ውይይቱን ከመስመሩ ሳላስወጣ አንድ ተቀራራቢ ጥያቄ ላንሳ። እኔም በሲ ቋንቋ የራሴን መቀየሪያ ጽፌ በዊንዶውስ ላይ ነው የማሠራው። 1 ደቂቃ የሚፈጅ ባለ 16 ቢት ስቴሪዮ በ44,100 ኸርዝ ሳወጣ ሙዚቃው ይሰማል፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በሻከረ ጩኸት የተቆራረጠ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለው የጸጥታ ጊዜ ግን ንጹሕ ነው። ባይት ቆጣሪ እንዳሉት ፋይሉን ስለካው 10,584,044 ባይት ሊሆን ሲገባው 10,622,317 ሆኖ አገኘሁት። ትርፉ ከየት መጣ?

የሌሊት ኮድ | መልስ 11

የሚጽፉበትን ፋይል በጽሑፍ ሁነታ ከፍተውት ይሆናል፤ በባይነሪ ሁነታ ይክፈቱት። በዊንዶውስ ላይ በጽሑፍ ሁነታ የተከፈተ ፋይል ዋጋው 10 የሆነ ባይት ሲያገኝ አዲስ መስመር መስሎት ከፊቱ 13 ይጨምራል። በሙዚቃ ውስጥ ያ ባይት በአማካይ ከ256 ባይቶች አንድ ጊዜ ያህል ይገኛል፤ ትርፍዎ ከዚህ ግምት ብዙም አይርቅም። አንድ ባይት በገባ ቁጥር ከእርሱ በኋላ ያሉት ናሙናዎች ሁሉ በአንድ ባይት ይንሸራተቱና ጩኸት ይሆናሉ፤ ሁለተኛው ሲገባ እንደገና ይስተካከላሉ፤ ሦስተኛው ያበላሻቸዋል። የተቆራረጠው ለዚህ ነው። ጸጥታው ንጹሕ የሆነው ደግሞ በዜሮዎች መካከል 10 የሚባል ባይት ስለሌለ ነው።

የፕሮግራምን ውጤት በፓወርሼል (ትእዛዝ እየተጻፈ በሚሠራበት ፕሮግራም) በኩል ወደ ፋይል የሚልኩም እንዲሁ ይጠንቀቁ፤ ከ7.4 በፊት ያሉት ስሪቶች ውጤቱን እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥሩት የድምፅ ፋይል ይበላሽባቸዋል።

ባይት ቆጣሪ | መልስ 12

ወደ ዜማ ጸሐፊ ሉፕ ልመለስ። ጠቅታው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ፎርማቱ ሙዚቃውን እንዴት እንደሚይዘው መረዳት ያስፈልጋል።

ቢአርኤስቲኤም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው የኒንቴንዶን አዲፒሲኤም ነው። ይህ ኮዴክ (የመጭመቂያና የመፍቻ ዘዴ) ናሙናዎችን አንድ በአንድ አያስቀምጥም፤ 14 ናሙናዎችን በ8 ባይት ፍሬም ውስጥ ያሽጋቸዋል። እያንዳንዱ ናሙና የሚሰላው ከእርሱ በፊት ካሉት ሁለት ናሙናዎች ተነሥቶ በተሠራ ትንበያ ላይ ትንሽ ማስተካከያ በመጨመር ነው። ስለዚህ ፈቺው ወደ ሉፑ መነሻ ሲዘል ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ የፍሬም መጀመሪያ ላይ ማረፍና ከመነሻው በፊት የነበሩትን ሁለት ናሙናዎች ማወቅ። እነዚያ ሁለት ናሙናዎች በፋይሉ ራስጌ ውስጥ የተዘጋጀላቸው ቦታ አለ። መቀየሪያው ዜሮ ጽፎባቸው ከሆነ ፈቺው ከባዶ ይጀምራል፤ ትንበያው ለጥቂት ቅጽበት ይስታል፤ ጠቅታውም ይኸው ነው። ጓደኛዎ መጀመሪያ ይህን ይፈትሽ።

ቀጥሎ ቦታውን እንመልከት። 400,000ን ለ14 ሲያካፍሉት 28,571 ሆኖ 6 ናሙና ይተርፋል፤ መነሻዎ በፍሬሙ መካከል ወድቋል ማለት ነው። በዚህ ላይ ፋይሉ በብሎክ የተከፋፈለ ሲሆን፣ የተለመደው ባለ 8,192 ባይት ብሎክ 1,024 ፍሬም፣ ማለትም 14,336 ናሙና ይይዛል። የሉፑን መነሻ በብሎክ መጀመሪያ ላይ ማሳረፍ ከሁሉ የተሻለ ነው። ለእርስዎ የሚቀርበው 28ኛው ብሎክ የሚያበቃበት ነው፤ 28 ጊዜ 14,336 ሲሆን 401,408 ይሆናል።

ሆኖም መነሻውን ብቻ ማንቀሳቀስ ምቱን ያዛባዋል። መነሻውን በ1,408 ናሙና ወደፊት ከገፉት መጨረሻውንም በዚያው ልክ ይግፉት፤ 3,473,408 ይሆናል። የሉፑ ርዝመት ስላልተለወጠ ምቱ አይነካም። ይህ እንዲሠራ ግን ከቀድሞው የሉፕ መጨረሻ በኋላ ሙዚቃው ዳግም ከመነሻው እየተጫወተ መቀጠል አለበት፤ ሩብ ሰከንድ እንኳ ይበቃል፣ የሚያስፈልገው 44 ሚሊ ሰከንድ ነውና። በማቀናበሪያዎ ውስጥ ሉፑን ሁለት ጊዜ ደርድረው ያውጡትና መቀየሪያው ትርፉን ይቁረጠው። እንዲህ ሲያደርጉ ሌላም ጥቅም ያገኛሉ፤ የመጨረሻው ምት ማሚቶ ወደ ሁለተኛው ዙር መግቢያ ስለሚሻገር በድንገት አይቆረጥም።

ዜማ ጸሐፊ | መልስ 13

ጓደኛዬ ኮዱን ሲከፍተው ሁለቱን ናሙናዎች በእርግጥ ዜሮ አድርጎ ነበር የሚጽፋቸው። ያንን አስተካከለ፤ እኔም ሉፑን ወደ 401,408 አንቀሳቀስኩት፤ ድምፁንም በ3 ዴሲቤል ዝቅ አደረግሁት። ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ እንዲጫወት ትቼው ሌላ ሥራ ስሠራ ነበር፤ የሉፑን መመለሻ ሆን ብዬ ካልጠበቅሁት በቀር የትኛው ቅጽበት ላይ እንደሆነ አላውቀውም። የከበሮውንም ምት አጉልቼ ተመለከትኩት፤ የሌሊት ኮድ የገለጹት ቀጥ ያለ መስመር በቀድሞው ፋይል ላይ በግልጽ አለ፤ በአዲሱ ላይ የለም።

የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ዋሽንት ብቻውን የሚጫወትበት አንድ ዜማ ላይ ከድምፁ ጋር የሚነሣና ከድምፁ ጋር የሚያርፍ ስስ የሆነ የሽ ድምፅ አለ። በዌቩ ላይ የለም። ይህም ስህተት ነው?

ሞገድ | መልስ 14

ይህ ስህተት አይደለም፤ የኮዴኩ ተፈጥሮ ነው። በፍሬሙ ውስጥ ካሉት 8 ባይቶች አንዱ ለቅንብር ስለሚሄድ ለ14 ናሙናዎች 7 ባይት ይቀራል፤ ለእያንዳንዱ 4 ቢት፣ ማለትም 16 ደረጃ ብቻ። ትንበያው የሳተውን ያህል በእነዚህ 16 ደረጃዎች ማጠጋጋት ግድ ይሆናል፤ ከማጠጋጋቱ የሚቀረው ትርፍራፊ ነው ሽ የሚለው። የደረጃዎቹ ስፋት ከሙዚቃው ጋር ስለሚያድግና ስለሚቀንስ ድምፁ ከዋሽንቱ ጋር ይነሣል፣ ከዋሽንቱ ጋር ያርፋል። በሌሎቹ ዜማዎች ላይም አለ፤ ነገር ግን ከበሮና ባስ ይሸፍኑታል። ዋሽንት ብቻውን ሲሆን የሚሸፍነው የለም።

ለዚያ ዜማ ብቻ ወደ 32,000 ማውረዱን ይተዉትና በ48,000 ኸርዝ እንዳለ ይቀይሩት። ናሙናዎቹ ሲቀራረቡ ትንበያው ይቀላል፤ የቀረውም ትርፍራፊ እስከ 24,000 ኸርዝ ድረስ ስለሚሰራጭ ከፊሉ ጆሮ ከሚሰማው በላይ ይወጣል። ዋጋው የፋይሉ መጠን ነው፤ 2 ደቂቃ ስቴሪዮ ከ4.4 ሜጋባይት ገደማ ወደ 6.6 ያድጋል። ለአንድ ዜማ ሲሆን የሚያስቆጭ አይመስለኝም። ሁሉም ዜማ በአንድ የናሙና ፍጥነት መሆን አለበት የሚል ሕግ የለም፤ እያንዳንዱ ፋይል ፍጥነቱን በራስጌው ይዟል።

ናሙና 44 | መልስ 15

ከሌላ ጌም የወጣ ፋይል ሲፈታ ከዳር እስከ ዳር ስታቲክ የሚሰማ ከሆነስ? ርዝመቱ ትክክል ነው፣ ፎርማቱም ኤችሲኤ የሚባለው የጌም ድምፅ ዓይነት ነው።

ባይት ቆጣሪ | መልስ 16

ኤችሲኤም ሆነ ሌላው የጌም ድምፅ ፎርማት ኤዲኤክስ በቁልፍ ሊመሰጠሩ ይችላሉ። ቁልፉ ሲሳሳት ፈቺው ስህተት መሆኑን ሳያውቅ ሊፈታውና ጩኸት ሊያወጣ ይችላል። ርዝመቱ የሚነበበው ካልተመሰጠረ ክፍል ስለሆነ ትክክል መስሎ ይታያል። እዚያ ላይ ቢት ወይም የባይት ቅደም ተከተል መቀያየር ምንም አይለውጥም።

ዜማ ጸሐፊ | መልስ 17

ዋሽንቱን በ48,000 ቀየርኩት፤ የሽ ድምፁ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ስፈልገው ብቻ የሚገኝ ሆኗል። ማሳያ ፋይሉን ለጓደኞቼ ልኬላቸው ሁለቱም ለውጡን ሳልነግራቸው ለይተውታል።

መቀየሪያውም ታርሟል። የዳታውን ክፍል ፈልጎ ያገኛል፤ 16ም ሆነ 24 ቢት ቢሰጠው በትክክል ያነባል፤ ሌላ ዓይነት ፋይል ሲገጥመው ደግሞ ምን ዓይነት እንደሆነ ጽፎ ይቆማል። ጓደኛዬ ከዚህ በተጨማሪ የገባውና የወጣው ፋይል የጊዜ ርዝመት ከተለያየ የሚያስጠነቅቅ መስመር ጨምሮበታል። የቀሩትን አሥራ አንድ ዜማዎች ዛሬ ማታ ከመጀመሪያዎቹ ባለ 24 ቢት ፋይሎች ላይ እንደገና እቀይራቸዋለሁ።